ያልተደረሰ ለቅሶ

«እንቅልፍስ እንዴት ነው፣ ጋሽ ወንድሙ?» ስትል ጠየቀች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሐይማኖት።

«ደህና ነው፤ እተኛለሁ» አለ የሮማን አባት፣ ወገቡን በእጁ ደግፎ።

ሮማን መሬት መሬቱን አየች። አባቷ እንደማይተኛ ታውቃለች። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲወርድ የሚነዳው አይሱዙ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። የእሱ የወገብ አጥንት ተሰነጠቀ፤ ረዳቱ ፍፁም ግን አልተረፈም። ፍፁም ሲቀበር አባቷ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከወጣም በኋላ የልጁን እናት እትዬ ጽጌን ለቅሶ አልደረሰም። ይኸው ዓመት አለፈው።

ሐይማኖት ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳች። «አጥንቱ እኮ በደንብ ገጥሟል። ሕመሙ ለምን እንዳልለቀቀዎት ነው ያልገባኝ።»

ሮማን አመነታች። አባትን፣ ያውም ሰው ፊት፣ እንዴት ያሳጡታል?

«አይተኛም» አለች።

«ሮማን!»

«ፍፁም ከሞተ ጀምሮ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው። የመኪና ፍሬን ሲጮህ በሰማ ቁጥር ወገቡን ይይዛል።»

ሐይማኖት ወንበሯን አስጠጋች። «ሕመሙ የእውነት ነው፣ ጋሽ ወንድሙ። የፈጠሩት ነገር የለም። ግን ሐዘንና ጭንቀት ሲበረታ ሰውነት ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ የዳነ ወገብም መታመሙን አይተውም። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። የሆድዎንም ለሰው ያውጡ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ አባቷ «ማን ተናገሪ አለሽ?» አላት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት።

ሮማን ግን አልተወችውም። ፀሐዩ በረድ ሲል ጠብቃ በሩ ላይ ትቆማለች።

«አባዬ፣ እንሂድ።»

«ሙቀቱ አይቻልም።»

«በርዷል እኮ።»

«ወገቤን...»

«ቀስ ብለን።»

ጓደኞቿ «አባትሽን ጂም አስጀመርሽው እንዴ?» እያሉ ሙድ ያዙባት። ግድ አልሰጣትም። መጀመሪያ እስከ ጎረቤት አጥር ሄዱ፤ እያደር መኪኖች ሽንኩርት እስከሚጭኑበት ቦታ።

አንድ እሁድ አባቷ በራሱ ወደ እትዬ ጽጌ ሰፈር ታጠፈ። የቆርቆሮው በር ጋ ሲደርስ ግን ወገቡን ያዘ። ላብ አጠመቀው።

«ቆረጠኝ። እንመለስ፣ ሮሚ።»

እሺ ብትለው እንደሚገላገል ታውቃለች። «ትንሽ እረፍ፤ እጠብቅሃለሁ» አለችና ከጎኑ ቆመች።

ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ አባቷ በሩን አንኳኳ።

እትዬ ጽጌ ከል እንደለበሱ ወጡ። ትኩር ብለው አዩት።

«እትዬ ጽጌ፣ እኔ...»

«ምነው ይሄን ያህል አስጠበቅኸኝ?» አሉ። «የልጄን የመጨረሻ ቀን የሚነግረኝ ካንተ ሌላ ማን አለኝ? ግባ። ወገብህን እያመመህ ደጅ አትቁም።»

የሮማን አባት ደጃፉ ላይ እንደቆመ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ከእትዬ ጽጌ ቤት ሲወጡ የአባቷ አረማመድ ከባድ ነበር።

«ባጃጅ ልጥራ?» አለች ሮማን።

«ያመኛል» አለ፣ ሳይደብቅ። «ግን በእግራችን እንሂድ።» ጥቂት እንደሄዱ ቀና አለ። «ፍፁም ቁልቁለት ስንወርድ ይዘፍን ነበር። ድምፁ ደግሞ አይጣል ነው!»

ሮማን «ምን ነበር የሚዘፍነው?» ብላ ጠየቀችው።