የአዋላጇ ስልክ ቁጥር

ሃያ ዓመት የያዛችሁትን ስልክ ቁጥር፣ ሳትጠየቁ አንስተው ለጎማ ሻጭ ቢሰጡባችሁ ዝም ትላላችሁ?

የሚጢ አክስት ዝም አላለችም። አዋላጅ ናት፤ የሰፈሩ ነፍሰ ጡሮች ቁጥሯን በቃላቸው ያውቁታል። እግሯ ተሰብሮ በተኛችበት ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ስላልደወለችበት፣ ኩባንያው ቁጥሯን ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጠው። አሁን ምጥ የያዛት ሴት ስትደውል፣ «ስንት ቁጥር ጎማ ነው የሚፈልጉት?» የሚል ጎርናና ድምፅ ይመልስላታል።

ዛሬ ሚጢና አክስቷ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ተቀምጠዋል። የስልክ ተጠቃሚዎችን መብት የሚያስጠብቅ ረቂቅ አዋጅ እየተመረመረ ነው። ክርክሩ በአንድ አንቀጽ ላይ ነው፦ ኩባንያው ቁጥር ከመውሰዱ በፊት ለባለቤቱ ደውሎ ያሳውቅ፤ ሳይደውል የወሰደውንም ይመልስ። አንቀጹ ከወደቀ የአክስቷ ቁጥር በዚያው ቀረ ማለት ነው።

«ጥሪ አያስፈልግም» አለ የኩባንያው ጠበቃ። «ለእኚህ እናት የማስጠንቀቂያ መልእክት ልከናል። መዝገባችን ያሳያል።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደርሶዎታል?»

«ኧረ በጭራሽ» አለች አክስቷ። «ደርሶኝ ዝም የምል ሴት እመስላለሁ?»

ጠበቃው ፈገግ አለ። ከኋላ ሹክሹክታ ተነሳ።

የሚጢ ጆሮ ጋለ። በእነዚያ ሦስት ወራት አክስቷ አልጋ ግርጌ ተቀምጣ መልእክቶቹን የምታጸዳው እሷ ነበረች። ሎተሪ፣ የዘፈን ሽያጭ፣ የጥቅል ማስታወቂያ፤ ማን አንብቦ ይዘልቀዋል? በየማታው ሳታነብ ጠራርጋ ታጠፋዋለች። ማስጠንቀቂያ ያሉት ነገር በዚያ ኮተት መሐል የተወሸቀ አንድ መስመር መሆን አለበት፤ እሱም አብሮ ሄዷል። አሁን ውሸታም የተባለችው ግን አክስቷ ናት።

«አክስቴ» አለች ተጠግታ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አክስቷ ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«እናትሽን ሳዋልድም በእግርሽ ነው የመጣሽው» አለች በሹክሹክታ። «ነገር ማወሳሰብ ያኔ ነው የጀመርሽው።»

«አትቀልጂ። ልንገራቸው?»

«ተይው የኔ ልጅ። ሦስት ወር ደግፈሽ ያቆምሽኝን ልጅ ሰው ፊት አላዋርድም። ውሸታም ቢሉኝ እችለዋለሁ።»

ሚጢ አልቻለችውም። ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«መልእክቱ ደርሷል። አክስቴ አላየችውም፤ ሳላነብ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥፋቴ ነው።»

የጠበቃው ፈገግታ ሰፋ። ሚጢ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«አሁን ደግሞ የእናንተን ንገሩን። ማስጠንቀቂያውን በላካችሁበት ቀን፣ በዚያው ስልክ ላይ ስንት ማስታወቂያ ልካችኋል? መዝገብ አለን ብለዋል አይደል፤ ይክፈቱትና ቁጥሩን እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱልኝ።»