የበሰለ ኮባ

የፊልጶስን ሬሳ ያወጡት ከሚጨስ አፈር ውስጥ ነው። ቡታጅራ ዳር ባለው ጋራዥ ግቢ፣ ለዓመታት ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ሲጠጣ የኖረ አፈር ከእበትና ከገለባ ጋር ተደባልቆ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ተከምሯል። ክምሩን የሠራው ሟቹ ራሱ ነበር፤ የአፈር ባለሙያ ነው። በእበቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዘይቱን እየበሉ አፈሩን ያጸዳሉ ብሎ ሲመጣ ሰዉ ሳቀበት። ማን ይፈርድበታል? ባክቴሪያ ሲያሳምም እንጂ ሲያጸዳ ያየ የለ።

ኢንስፔክተር ፀዳለ ከወልቂጤ የደረሰችው ረፋዱ ላይ ነው። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ተወስዷል፤ ተጠርጣሪው ደግሞ እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። ሳጅን ደበሌ ምስጋናውን ለመቀበል ተዘጋጅቶ ጠበቃት።

«አለቀ፣ ኢንስፔክተር። ገዳዩ ሸምሶ ነው፤ ከግቢው በታች ያለው ገበሬ። የጉድጓድ ውሃው ናፍጣ ናፍጣ ስለሚል ሟቹን ‹አታላይ› ብሎ ገበያ መሀል ረግሞታል። ዛሬ ማለዳ አጥር ሲዘል ታየ። ወዲያው ዘበኛው የሰው እግር ከክምሩ ወጥቶ አየ። ስናወጣው ገላው ገና ትኩስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ወህኒ እልከዋለሁ።»

«ክንዱ ይታጠፍ ነበር?»

ደበሌ አሰብ አደረገ። «ኧረ እንደ ግንድ ደርቆ! በስንት መከራ መኪናው ላይ ጫንነው።»

ፀዳለ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ክምሩ ውስጥ ከተተችና ወዲያው መዝዛ አወጣችው። ያቃጥላል። ከዚያ ሬሳውን ሸፍነው የነበሩትን፣ ጠዋት ወደ ጎን የተጣሉትን የኮባ ቅጠሎች እያገላበጠች አየች። ከጋራዡ ጀርባ የታጠረ እንሰት ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈቃደ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተላት። አንድ ለጋ ቅጠል አስቆርጣ ሬሳው ከነበረበት ቦታ ቀበረችው። ደበሌ በሆዱ ሳያማት አልቀረም።

ሸምሶ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ጋሽ ሸምሶ፣ አጥር ለምን ዘለሉ?»

«ውሃ ልቀዳ፣ እቴ። የግቢው ቧንቧ ንጹሕ ነው፤ ግን አያስገቡኝም። ልጄ ሳሌሃ ያንን የጉድጓድ ውሃ ጠጥታ ተኝታለች።»

«ትናንት ማታስ?»

«እንሴኖ፣ የአጎቴ ለቅሶ ላይ። አገር ምድሩ አብሮኝ ነው ያደረው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ የእህል መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ገባሁ። ረግሜዋለሁ፣ አልዋሽም። ወላሂ አልነካሁትም። እኔ ወህኒ ከወረድኩ ለልጄ ውሃ የሚያመጣላት ማነው?»

የሟቹ ረዳት ዓለምዘውድ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። ትናንት ከፊልጶስ ጋር ስትጨቃጨቅ የሰማ ሰው አለ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በውጤቱ ነዋ። ክምሩ ውስጥ ያለው አፈር እየጸዳ ነው፤ የሚግለውም ባክቴሪያዎቹ ስለሚበሉ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ግን ባሰበት። እኔ ‹ተሳስተናል› አልኩት። እሱ ‹አልተሳሳትንም፤ ተደብቆ ዘይት የሚደፋ ሰው አለ፤ ደርሼበታለሁ፤ ነገ ለአገር ሽማግሌዎቹ እነግራለሁ› አለኝ። ከዚያ ትኩሳት ያዘኝና ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ አደርኩ።»

«ክምሩ እንዲህ እንደሚግል ማን ያውቃል?»

«እኛና አቶ ፈቃደ። ፊልጶስ እንቁላል ቀብሮ አብስሎ አብልቶታል።»

ፈቃደ ነጠላውን እንዳጣፋ ነበር። ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ማለዳ የት ነበሩ፣ አቶ ፈቃደ?»

«ቅዳሴ። ያላየኝ የለም።»

«ማታስ?»

«የማታው ምን ያደርግልዎታል? ሰውየው የሞተው ማለዳ አይደል?»

ፀዳለ ቀና ብላ አየችውና ወደ ዘበኛው ሄደች። ዘበኛው ማታ አልነበረም፤ አቶ ፈቃደ ‹ዛሬ ቤትህ እደር› ብሎት ሄዷል። እንዲህ ያለ ደግነት ካለቃው አይቶ አያውቅም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሁሉንም ከነሽማግሌዎቹ ክምሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሳጅን ደበሌ ገላው ትኩስ ስለነበር የሞተው ማለዳ ነው አለ» ብላ ጀመረች። «ግን ደርቋል። ገና አሁን የሞተ ሰው አይደርቅም። ታዲያ ማን አሞቀው? ይህ ክምር።» ሁለት ቅጠል አነሳች። «ይህ እኔ የቀበርኩት ነው፤ ትንሽ ለሰለሰ እንጂ አረንጓዴነቱን አለቀቀም። ይህ ደግሞ ሬሳውን ለመሸፈን ከእንሰቱ አዲስ የተቆረጠው ነው፣ የተቆረጠበት ቦታ ገና እርጥብ ነው፤ ማለዳ ሲወጣ ቡናማ ሆኖ በስሏል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይቀበር እንዲህ አይሆንም። ፊልጶስ የተገደለው ማታ ነው። ማታ ሸምሶ እንሴኖ፣ ዓለምዘውድ ጤና ጣቢያ ነበሩ፤ ደበሌ ሰው ልኮ አጣርቷል።»

ደበሌ አንገቱን ደፋ።

«ዘበኛውን ያሰናበተ፣ የክምሩን ሙቀት የሚያውቅ፣ የእንሰቱን ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው ነው። እዚህ የቀበረው ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ቆይቶ ማለዳ፣ እሱ ቅዳሴ ላይ ሳለ የሞተ እንዲመስል ነው። ቅጠሉን ሳስቆርጥ ደግሞ ከእንሰቱ ሥር በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ አየሁ፤ በቅርቡ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት ሞልቶታል። ፊልጶስ የደረሰበት እሱን ነው። አቶ ፈቃደ፣ አንተም እንደኔ እናትህ ኮባ እሳት ላይ ስታለሰልስ እያየህ ነው ያደግከው። ስትጨነቅ ግን የእናትህ ጓዳ ጠፋህ፤ የበሰለው ቅጠል ሰዓቱን እንደሚናገር ረሳህ።»

ፈቃደ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። «ተው ብዬ ለመንኩት» አለ። «ዘይቱን የት ልውሰደው? ጋራዡን ያዘጉብኛል አልኩት። ‹የሰው ልጅ እየታመመ ነው› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አጠገቤ የነበረውን ብረት አንስቼ የመታሁት ያኔ ነው።»

ካቴናው ከሸምሶ እጅ ወጥቶ ፈቃደ እጅ ገባ። ሽማግሌዎቹ እንኳን ደስ አለህ ሊሉት ቀረቡ፤ ሸምሶ ግን አልሰማቸውም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«የኔን ልጅ ነው ያለው» አለ። «ገበያ መሀል የረገምኩት ሰው ለኔ ልጅ ነው የሞተው።»

ቆይቶ እንባውን ጠረገና ወደ ዓለምዘውድ ዞረ። «ሬሳውን ማን ይወስዳል?»

«እናቱ አዲስ አበባ ናት፤ ሌላ ሰው የለውም።»

«እኔ አለሁለት። በእናንተ ሥርዓት ምን እንደሚደረግ ብቻ ንገሪኝ» አለና ተነሳ። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ተከትለውት ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ወጡ።