የደፈረሰው ብልቃጥ

አቶ አምኃ ካርቱም፣ አርካዊት በተባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው በልጃቸው በሉሊት ላይ ነበር። ተመራማሪዋ ሉሊት አልዛይመር የአባቷን አእምሮ ሲበላ ዝም ብላ ማየት አልቻለችም። ገና በሰው ያልተሞከረ፣ ራሷ የቀመመችውን መድኃኒት በየጠዋቱ ትወጋቸው ነበር። የዚያን ዕለትም ወግታቸው ነው ወደ ሥራ የሄደችው።

«አባትሽን የሙከራ አይጥ አደረግሽው!» አሏት እናቷ ወይዘሮ በለጡ።

ምርመራውን የያዘው የካርቱም ፖሊስ መኮንን ኦመር እናቱ ጎንደሬ ስለነበሩ አማርኛ አያስቸግረውም።

«መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?» ሲል ሉሊትን ጠየቃት።

«በበሽተኛው አንጎል ውስጥ ፕሮቲኖች እየተጣበቁ ይረጋሉ። የእኔ ፔፕታይድ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ መሃላቸው ገብቶ እንዳይጣበቁ ያግዳል።»

«ራሱስ አይረጋም?»

«እንዳይረጋ አድርጌ ነው የለወጥኩት። ሙቀት ቢመታውም እንደ ውሃ ጥርት እንዳለ ነው።»

ወይዘሮ በለጡ የስኳር በሽተኛ ናቸው። «ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በድኑን አገኘሁት። ለስለሺ ደወልኩ» አሉ።

አቶ ስለሺ በደርግ ጊዜ ከአምኃ ጋር ድንበር ያቋረጡ፣ ከቤቱ የማይጠፉ ወዳጅ ናቸው። «ጀናቡ፣ ስደርስ አልቆ ነበር» አሉ ለመኮንኑ እያለቀሱ። «ያ ላብ፣ ያ መንቀጥቀጥ! ለጠላቴም አልመኝም።»

ኦመር የሉሊትን መድኃኒት ሁለት ብልቃጦች፣ የተጀመረውንና ያልተከፈተውን፣ ይዞ ባሕሪ በተባለው የከተማው ክፍል ወዳለው ላቦራቶሪ አመራ። ላቦራቶሪው በበዓል ተዘግቶ ስለነበር ብልቃጦቹ እንደ ምድጃ በጋለው መኪናው ውስጥ ሲናጡ ሰነበቱ።

ውጤቱን ሲያገኝ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸውና ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። አንዱ ጥርት ያለ ነው፤ በሌላው ውስጥ ነጫጭ ክሮች ይዋኛሉ።

«ሁለቱንም ያገኛቸው ሙቀት አንድ ነው። የሉሊት መድኃኒት አይረጋም፤ የተጀመረው ግን ረግቷል። ስለዚህ ውስጡ ያለው ሌላ ነገር ነው። ላቦራቶሪው ኢንሱሊን ነው ብሎኛል።»

«የእኔ?» ወይዘሮ በለጡ ደነገጡ።

«ከእርስዎ ፍሪጅ ተወስዶ ነው እዚህ ብልቃጥ ውስጥ የተገለበጠው። ሉሊት ሳታውቅ ወጋቻቸው። ስኳሩ የወረደበት ሰው በላብ ይጠመቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ሉሊት ወግታ ወጥታለች፤ እርስዎ ያገኙት በድን ነው። አቶ ስለሺ፣ ያን ላብና መንቀጥቀጥ መቼ አዩት?»

ስለሺ ወለሉን አዩ። «አምኃ መሻል ጀምሮ ነበር» አሉ። «ወንድሙን ለደርግ የጠቆመው ማን እንደሆነ ደጋግሞ ይጠይቀኝ ጀመር። የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ትዝ ሳይለው... እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀመጥኩ።»

«አባዬ ያውቅ ነበር» አለች ሉሊት። «ገና ጤነኛ ሳለ ነግሮኛል። ‹አሁን ከስለሺ ሌላ ወንድም የለኝም› ብሎ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።»

ኦመር የስለሺን እጅ በካቴና አስሮ ይዟቸው ወጣ።

ሉሊት እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ትከሻቸውን አቀፈች። ወይዘሮ በለጡ መርፌውን የወጋውን እጇን ለአፍታ አዩት። ከዚያ ከትከሻቸው ላይ አንስተው ጭኗ ላይ መለሱላት።