በሰንሰለት የታሰረችው ኮከብ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የተጣመመ ስፌት ስፈልግ ነው የምውለው፣ ዓይኔ ያላየውን ማንም አያሳምነኝም፣ ሰው ስለ ዛርና ስለ ጥላ ሲያወራብኝ «ሂድና ሥራህን ሥራ» የምል ሴት ነኝ። አፌ ክፉ ነው፣ ቁጣዬም ቅርብ ነው፣ ይኼን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን የዚያን ቅዳሜ ምሽት የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ካመናችሁ እመኑ፣ ካላመናችሁም አልፈርድባችሁም።

የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ ያለው በር የጋሽ ታምራት ነው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፣ የእድራችን ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ እገዛላቸዋለሁ፣ ከጀርባው ያለውን አግድምና ቁልቁል የሚሞላውን የቃላት ጨዋታ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እኔ በእርሳስ እሞላለሁ።

እውነቱን ለመናገር ያን ሰሞን ተቀይሜያቸው ነበር። ታናሽ እህቴን ፍሬን ባሏ ፊቷን አባልዞ ሲያባርራት ቤተሰቡ ሽማግሌ ሰበሰበ፣ የሽማግሌዎቹ አፍ ጋሽ ታምራት ነበሩ፣ ሰውዬው ጉልበታቸውን ስሞ «ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ፣ እናቴም ገመናችን ይሸፈን ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ ልጅቷን ገርጂ ድረስ ይዘው ሄደው ለዚያው ሰው አስረከቧት። ስሙን አልጠራም፣ አፌን ያቆሽሸዋል።

እና ያን ቅዳሜ ሊመሽ ሲል፣ የጋሽ ታምራት ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን፣ ቁልቁል አንድ ጥያቄ መጣ፦ ለባሕር አውሬ በሰንሰለት ታስራ የተሰጠች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ፣ ዛሬ የከዋክብት ስብስብ መጠሪያ ይላል። «አንድሮሜዳ ብለሽ ሙዪ» አሉኝ፣ ሞላሁት፣ ልክ ገባ። ታሪኳን ይንገሩኝ አልኳቸው። የግሪኮች ተረት ነው አሉ፣ እናቷ ንግሥቲቱ በውበት ከባሕር ልጃገረዶች እንበልጣለን ብላ ስለታበየች የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አገር የሚያጠፋ አውሬ ላከ፣ አንድ ጠንቋይም ንጉሡን ልጅህን ካልሰጠህ አውሬው አይመለስም አለው፣ ንጉሡም ልጁን ወስዶ ባሕሩ ዳር ካለ ቋጥኝ ጋር አሰራት።

«አባቷ? በገዛ እጁ?» አልኩ።

«አገሩ እንዲተርፍ ብሎ ነዋ» አሉ።

ደሜ ፈላ። «እርስዎም ፍሬን እንደዚያው አደረጓት» አልኳቸው፣ «የቤተሰብ ስም እንዲተርፍ ብለው።» ጋሽ ታምራት መቁጠሪያቸውን ማንከባለል ጀመሩ። እኔም እልህ ይዞኝ ቀጣዩን አነበብኩት፣ «ይህን አውሬ የገደለው» ይላል። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ መብራት ጠፋ።

መስኮቱ ጋ ሄጄ ሳይ እስከ ሳሊተ ምሕረት ድረስ አንድ የበራ አምፖል የለም። ያኔ ነው የሰማሁት። ከራሳችን በላይ ሰንሰለት ይጎተታል፣ ቀስ ብሎ፣ ሲሚንቶውን እየቧጨረ። ከእኛ በላይ ልብስ የሚሰጣበትና የየቤቱ የውሃ ሮቶ የተደረደረበት ቴራስ ብቻ ነው ያለው፣ እና የማን ውሻ ነው የወጣው ብዬ ልሳደብ ስል አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፣ ቀጥሎ የሴት ልጅ ትንፋሽ፣ የተመታ ሰው ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ደግሞ «እታለም» የሚል ድምፅ። እመኑኝ፣ በዚህ ዓለም ላይ እታለም ብላ የምትጠራኝ ፍሬ ብቻ ናት። ጋሽ ታምራትም ሰምተዋል፣ «ማነው የሚጠራሽ?» አሉኝ።

ብቻዬን ልወጣ ነበር፣ እሳቸው ግን አልለቅሽም ብለው ክንዴን ያዙ፣ እየመራኋቸው ደረጃውን ወጣን። ቴራሱ ላይ ማንም የለም። ሰማዩ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አይቼ የማላውቀው ያህል ኮከብ ፈሷል። ከዚያ የእኔ ሮቶ ጓ አለ። በሰንሰለት የተገረፈ ድምፅ ነው፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ጎደጎደ፣ መቺው የለም፣ ሁለተኛም ተመታ፣ ከዚያ ምቱ መቆሚያ አጣ፣ ሮቶው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ውሃው እግራችን ላይ ተደፋ። አሁን የምነግራችሁን ለእናቴም አልነገርኳትም። አልፈራሁም። ደስ አለኝ። የሰውዬው ፊት ዓይኔ ላይ ነበር፣ ሮቶው በተመታ ቁጥር ድገመው እል ነበር፣ በልቤ ይሁን በአፌ አላውቅም።

ሲበቃው ምቱ ቆመ። ፍሬ ጋ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ታክሲ ኮንትራት ይዘን ገርጂ ስንደርስ እዚያም መብራት የለም፣ የቤታቸው በር ገርበብ ብሏል። ስልኬን አብርቼ ገባሁ። ፍሬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ አንድ እጇ በውሻ ሰንሰለት ከመስኮቱ ብረት ጋር ተቆልፏል፣ ሌላው ክንዷ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ሰውዬው ወለሉ ላይ ተዘርሯል፣ መንጋጋው ወልቋል፣ ጥርሱ ሴራሚኩ ላይ ተበትኗል፣ ፊቱና ጀርባው ላይ የሰንሰለት ቀለበት አንድ በአንድ ታትሟል። ያ ሰንሰለት ግን ፍሬ እጅ ላይ እንደተቆለፈ ነው፣ ሌላ በቤቱ አልነበረም። መብራቱን ወደ ራሴ ስመልስ አየኝ፣ አየኝና በደረቱ እየተሳበ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ጎረቤቶቹ ያኔ ነው ብቅ ያሉት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። በኋላ ፖሊስ ማን መታህ ብሎ ሲጠይቀው ወድቄ ነው አለ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ክንዷን ጀሶ ካደረጉላት በኋላ ፍሬ ቀና ብላ አየችኝ።

«እታለም፣ በቃ ስልሽ ለምን አላቆምሽም?»

ሳቅኩ መሰለኝ። ምኑን ነው የማቆመው አልኳት። እሷ ግን በጨለማው ገብተሽ፣ እግርሽ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሰንሰለት እየጎተትሽ መጥተሽ ደበደብሽው፣ ይሞታል ተይው ብዬ ለመንኩሽ፣ ዞረሽም አላየሽኝ አለች። ልጄ፣ ሰሚት ነበርኩ፣ ጋሽ ታምራትን ጠይቂ አልኳት።

«ቴራሱ ላይ የእህትሽን ክንድ ይዤ ነበር» አሉ አጠገባችን የተቀመጡት ጋሽ ታምራት። ከዚያ፣ «ክንዷ ግን እንደ ሬሳ ቀዝቅዞ ነበር፣ ደጋግሜ ብጠራትም አልመለሰችልኝም» አሉ። እኔ ሲጠሩኝ አልሰማሁም።

የሰውዬው ወገኖች እንደገና ሽማግሌ ልከው ነበር፣ ጋሽ ታምራት በራቸውን ዘጉባቸው። ጋዜጣውን ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እንሞላለን፣ ያችን አውሬውን የገደለውን ጥያቄ ግን ብጠይቃቸው ይቅርብሽ አሉኝ። ፍሬ እኔ ጋ ናት፣ ክንዷ ትንሽ ተጣሞ ድኗል፣ ሰውዬውን መንገድ ላይ ብታየው እንኳ አትደነግጥም።

ትናንት ከፍሬ ጋር የተሰጣ ልብስ ልናወርድ ስንል የቴራሱ በር ሰንሰለት ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ፍሬ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ጀሶው የወጣለትን ክንዷን ፊቷ ላይ ጋረደች። «እታለም» አለችኝ፣ «እኔ ምንም አላደረግኩም።»