በሩን የሚከፍተው አለቃ ነው

በሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተንኳኳ። ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አትነሺ!» አለ ታናሽ ወንድሟ ከወለሉ ላይ። «በሩ የኔ ነው!»

ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል። እሱ ግን ሰው ማዘዙን ተክኖበታል፤ ለዚህም ነው ቤተሰቡ «አለቃ» የሚለው። ከዓመት በፊት ጥግ ተቀምጦ ውሃ እንኳ የሚጠጣው በሰው እጅ ነበር። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረች አካል ጉዳተኞችን የምታሠለጥን ባለሙያ መጣች። ሰው ሊያግዘው እጁን በዘረጋ ቁጥር «ቆይ! ቆይ!» ስለምትል የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ቆይ-ቆይ» ብለው ስም አወጡላት። በሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ የእንጨት መደገፊያ አስቸነከረች፤ ሕግም አወጣች፦ ከእንግዲህ በር የሚከፍተው አለቃ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለምዶታል፤ አንኳኩቶ ደጅ ላይ ወሬውን እያወራ ይጠብቃል።

የዛሬው እንግዳ ግን ጎረቤት አይደለም። ሥልጠናው ፋይዳ አለው ወይስ የለውም ብሎ ሊገመግም የመጣ ሰው ነው። የለውም ካለ እትዬ ቆይ-ቆይ ከሰፈሩ ትነሳለች። እናታቸው ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርታ፣ «ቶሎ ከፍተሽ አስገቢው። ይራመዳል ወይ ካለሽ ይራመዳል በይ። ማን ያጣራል?» ብላታለች።

«ሰው የለም?» አለ ድምፅ ከውጭ። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

ሰው የለም ብሎ ጽፎ ሊሄድ ነው። መቀርቀሪያው ከእሷ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ አለቃ ደግሞ ገና መሃል ወለሉ ላይ በመቀመጫው ይንፏቀቃል።

«ዛሬን ብቻ ልክፈተው፣ በናትህ!»

«ብትነኪው አላናግርሽም። ዕድሜ ልኬን!»

ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ቀበረችና ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤ «አለን! እየመጣ ነው! ይጠብቁ!»

አለቃ ደረሰ። መደገፊያውን ጨበጠ፣ ተሳበ፣ ግማሽ ድረስ ተነሳና ዷ ብሎ ተቀመጠ።

«ምንም አልሆንኩም፤ ደግሞ ማን ጠየቀሽ?» አላት። እሷ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አላወጣችም።

እንደገና ጨበጠ። ክንዶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ግን ቆመ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለና በሩ ተከፈተ።

ሲጠብቅ የሰለቸው ራሰ በራ ሰውዬ ምን ያህል እንደቆመ ሊናገር አፉን ከፈተና አለቃን ሲያይ ዘጋው።

«ይግቡ። ጫማዎን ይጥረጉ» አለ አለቃ።

ገምጋሚው ጫማውን ጠርጎ ገባ። ቅጹን አውጥቶ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ይራመዳል?»

የእናቷ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ወንድሟን አየችው። ግንባሩ በላብ ርሷል፤ መደገፊያውን እንደያዘ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ዋሽታ ብትጨምርለት የራሱን ድል የምትነጥቀው መሰላት።

«አይራመድም» አለች። «ግን በሩን ማን ከፈተልዎ?»

ገምጋሚው ቅጹን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠው። «ይህን የሚጠይቅ ቦታ የለውም» አለ። «ሃያ ስድስት ቤት ገብቻለሁ። ሠልጣኙ ራሱ በር ሲከፍትልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ከዚያ በወረቀቱ ጀርባ ረጅም ነገር ጻፈ። የመጨረሻውን መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፤ «ባለሙያዋ እዚሁ ትቀጥል፤ ቅጹም ይስተካከል።» አለቃ «ይኸው!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ደስታው አላስቀምጥ አላት፤ ገምጋሚውን አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራት።

«እስቲ ወጥቼ እንደገና ላንኳኳ» አለ ሰውዬው። «ሰዓት ልያዝለት።»

«ቅድም አልተዘጋጀሁም ነበር። አሁን ጉድ ያያሉ!»

ገምጋሚው ወጣ፤ አለቃ ቆልፎ ወደ መሃል ወለሉ ተንፏቀቀ። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ልትቀመጥ አለችና ተወችው፤ በሩ እንደሆን ባለቤት አለው። የሚታጠብ ልብስ የሞላውን ሳፋ አንስታ በጓሮው በር ወጣች።

ከኋላዋ ሲንኳኳ ሰማች። ዞር አላለችም፤ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።