ከኒሙ ሥር የተቀበረው ኩላሊት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ቁጭ በሉ። ይሄ ፈጠራ አይደለም... በደርግ ጊዜ፣ በ1974፣ እዚሁ ድሬ ሳቢያን የሆነ ነው።

ጉዱ የታየው ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ድሬ በሙቀት ደክማ የምትተኛበት።

የጎረቤቴ የፋርቱን ባል አብዱሰመድ ታመመ። የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሐኪሞች አንድ ኩላሊቱን አወጡለት። ከኩላሊቱም አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ በብልቃጥ አድርገው ለፋርቱን ሰጧት። ያኔ ለምርመራ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነበር።

"እያንዳንዷን ሴል በማይክሮስኮፕ ያዩዋታል" አለቻት ነርሷ አሰገደች። "ካንሰር ከሆነ ቶሎ ሕክምና ይጀምራል። ካልጀመረ... እህቴ፣ አይተርፍም።"

ፋርቱን ጨነቃት። ከሰው ገላ የተቆረጠ ይቀበራል ተብላ ነው ያደገችው። የባሏ ሥጋ ሰው አገር ቆሻሻ ላይ ሊጣል?

በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ግቢዋ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቀበረችው።

ብልቃጡ ውስጥ የፍየል ኩላሊት ቁራጭ ከትታ አዲስ አበባ ላከች።

በወሩ መልስ መጣ። "ካንሰር የለበትም።"

አብዱሰመድ ሳቀ። "አቦ፣ እኔ እኮ ብረት ነኝ! ሐኪም ቤት ደግሞ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?"

እሷ አልሳቀችም። ልትነግረው ብላ... ፈርታ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ በዚያው በስምንት ሰዓት፣ እሱ እንደተኛ መቆፈር ጀመረች። በስብሶም ቢሆን የተረፈውን ልትልክ።

አሸዋው ይሞቃል። የፀሐዩ ነው አለች።

ጠለቅ አድርጋ ቆፈረች... ሙቀቱ ባሰ።

ጨርቁ ተቀዷል። ከውስጥ ወደ ውጭ።

አውራ ጣት ታህል የነበረችው ሥጋ ቡጢ አክላለች። አልበሰበሰችም።

በአምስት ጣቶቿ ጨበጥ አደረገቻት።

"ፋርቱን..." አለ ባሏ ከቤት ውስጥ።

"አቤት?"

"ጎኔን አትንኪኝ።"

"እኔ... ውጭ ነኝ እኮ።"

"እጅሽ አሸዋ አለበት።"

ለቀቀቻት።

"እኔ ነክቻት እንዲህ ከሆነ... እዚያ በቢላ ሲከትፏትስ?" አለች በልቧ።

አሸዋውን ቀስ አድርጋ መለሰችባት። ለአሰገደች እውነቱን ልትነግራት ሄዳ፣ አፍራ ከበር ተመለሰች።

አብዱሰመድ ሦስት ወር አልቆየም።

ሬሳውን ያጠበው ሲያድ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ።

"ምን አየህ?" አልነው።

"ጎኑ ላይ..." አለ በሹክሹክታ። "የአምስት ጣት ምልክት አለ። ቀጭን... የሴት እጅ። ውስጥ ድረስ የሰረጎደ። ወላሂ፣ ሳጥበው እየጠለቀ ነበር።"

ልጆቼ፣ አደራ... ፋርቱንን ስታነሷት፣ ትወደው እንደነበርም አስታውሱላት።