ለፍቅር ትሆናለች

መርፌ ወስዶ የተኛ ውሻ ከነቃው እጥፍ ይከብዳል። ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹም አያውቁትም፤ ተሸካሚው ግን ያውቀዋል። እኔ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ራጅ አንሺ ነኝ። ክፍሌ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ብቸኛ ሥዕል እንኳ የአጥንት ነው። ፍቅር እዚያ ድረስ ደረጃ ወርዶ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ እሱ ራሱ ይመርመር።

እሱ ግን መጣ። ትልቅ ቡናማ ውሻ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

«የት ላስተኛው?»

«ጠረጴዛው ላይ፣ በጀርባው። ረዳቴ ታማ ቀርታለች፤ እግሩን የምትይዝልኝ አንተ ነህ። ያንን ከባድ ሽርጥ ልበስ፤ ጨረሩ ለማንም አይራራም።»

የዳሌ ራጅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ውሻው በጀርባው ይንጋለላል፤ የኋላ እግሮቹ ቀጥ ብለው ይሳባሉ፤ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ዞር ይላሉ። ትንሽ ከተጣመመ ጤነኛው የታመመ፣ የታመመው ጤነኛ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «እንዳትነቃነቅ» አልኩ። አንስቼ ስጨርስ ቀና ብዬ ባየው ዓይኑ ሊወጣ ደርሷል።

«ምን ሆንክ?»

«አትነቃነቅ አልሽኝ እኮ። ትንፋሼን ይዤ ነበር።»

«ትንፋሽህን አላልኩህም፤ እጅህን ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ በፊት መቼ እንደሳቅሁ አላስታውስም።

አነክሳለሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ የግራ ዳሌዬ ልክ አይደለም። ሰው ስራመድ ሲያየኝ ዓይኑ መጀመሪያ እግሬ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ደንገጥ ይልና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እሱ ጣሪያውን አላየም። ወደ ስክሪኑ ስሄድ ዓይኑን ሳይነቅል ተከተለኝ፤ ስመለስም እንደዚያው።

«ምን አየህ?» አልኩት፣ ለጠብ ተዘጋጅቼ።

«ስትዞሪ ሁልጊዜ በቀኝሽ ነው የምትዞሪው» አለ። «ግራውን ታሳርፊዋለሽ። እንዴት እንደሚያምር ግን አታውቂም።»

ሐዘኔታ የለበትም፤ ሽንገላም የለበትም። እሱና አባቱ ንጹህ ዘር ያላቸው ትልልቅ የጥበቃ ውሾች ያረባሉ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አረማመድ ሲያይ ነው ያደገው። ይህን ያህል ዓመት ስኖር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው በትክክል አየኝ። እዚያው ወደድኩት፤ ማን ይከለክለኛል።

ከዚያ በኋላ ውሾቹ በየተራ መምጣት ጀመሩ።

«የእናንተ ውሾች አያልቁም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አልቀዋል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ይሄ የጎረቤት ነው።»

ከሥራ ስወጣ እየጠበቀኝ በእግራችን እንሄድ ነበር። ሌላው ሰው ከእኔ ጋር ሲሄድ ቀስ ይልልኛል፤ ቀስ እንዳለልኝ ደግሞ እንዳውቅለት ይፈልጋል። የእሱ እርምጃ ግን ከእኔ ጋር ራሱ ይገጥማል። ብዙ አናወራም። መንታ መንገዱ ላይ ስንደርስ ቆም እንላለን፤ ያየኛል፣ አየዋለሁ፤ አውቶቡሱ መጥቶ ይሄዳል፤ ሌላውን እንጠብቃለን።

የቤታቸውን ሕግ የነገረኝ እዚያ ፌርማታ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ዳሌዋ በራጅ ያልታየች ውሻ እነሱ ቤት አትወልድም። የጭኗ አጥንት ራስ የዳሌዋ ጎድጓዳ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ከተቀመጠ ታልፋለች። ከላላ በሽታው ለቡችሎቹ ይተርፋልና እንዳትወልድ ትደረጋለች፤ ከዚያ ደግ ቤት ይፈለግላታል። አባቱ ያን ጊዜ ጭንቅላቷን እየዳበሱ «ለዘር አትሆንም፤ ለፍቅር ትሆናለች» ይላሉ።

ሰውየውን ሳላያቸው ወደድኳቸው። ራጁን አይተው እንዳላዩ ሆነው ቡችላ የሚቸበችቡትን አውቃለሁ። ገና በወጣትነታቸው ከመሬት መነሳት ያቃታቸውን ውሾች ሰዎች ተሸክመው ሲያመጡ፣ ፎቶውን የማነሳው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አባቱ ራሳቸው ከእሱ ጋር መጡ። ይዘዋት የመጡት ወይዘሮ የምትባለዋን ውሻ ነው። ሟች ሚስታቸው ያሳደገቻት የመጀመሪያዋ ውሻ የልጅ ልጅ ናት፤ ከዚያ ዘር የቀረች እሷ ብቻ ነበረች። ፎቶውን አየሁና ሐኪሙን ጠራሁት። ሐኪሙ «እስቲ ቀስ ብለን…» ማለት ሲጀምር አባትየው እጃቸውን አነሱ።

«የእርስዎ አፍ ማር አለበት። አንቺ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ግራው ላልቷል፣ አባባ። ጎድጓዳው ጥልቀት የለውም። አሁን አያስታውቅባትም፤ እያደር ግን ያማታል።»

የተኛችውን ውሻ ጆሮ በሁለት ጣታቸው ይዘው ያሻሹ ነበር።

«ከፈለጉ እንደገና ላንሳው» አልኩ።

«እንደገና ብታነሺው ዳሌዋ ይቀየራል?»

«አይቀየርም።»

«እንግዲያው ተይው። እንደሚታመም እያወቁ ማስወለድ ግፍ ነው።»

ከአክብሮቴ ብዛት እንባዬ መጣ። ፊቴን ለመደበቅ ወደ ስክሪኑ ሄድኩ፤ ይህ ነው ስህተቴ፤ ስሄድ አዩኝ።

«አንቺስ፣ ልጄ? ወድቀሽ ነው?»

አፌን ሳልከፍት ልጃቸው መለሰልኝ። «በልጅነቷ ወድቃ ነው፣ አባዬ።»

አባቱን መኪና ውስጥ አስገብቶ ሲመለስ ደረጃው ላይ ጠበቅሁት።

«እኔ ወድቄ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴም እንደዚሁ ናት።»

«መጀመሪያ ቀን ነው የገባኝ። የወደቀ ሰው እንዳንቺ አይዞርም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«እስኪለምዱሽ ብዬ ነው። አንዴ ከለመዱሽ…» አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም። ሆድ ይፍጀው አልኩና ወደ ክፍሌ ወረድኩ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አባትና ልጅ እናቴን ሊተዋወቁ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ነው የምትውለው። እኔም በልቤ በዚያው ተቀምጣ እንድታሳልፈው ተመኝቼ ነበር።

«እማ፣ አንቺ ተቀመጪ፤ ሻዩን እኔ አመጣዋለሁ።»

«በገዛ ቤቴ እንግዳ ልሁን?» ብላኝ ተነሳች።

ከማድቤቱ በር እስከ ጠረጴዛው ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን አላልቅ አለ። በእያንዳንዱ እርምጃዋ ብርጭቆዎቹ ይንኳኳሉ። እሱ ጫማውን ያያል። አባቱ እናቴን ያያሉ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ተነስተው የሻዩን ትሪ ከእጇ ተቀበሏት። ሻዩን ጠጡ፤ ስፌቷን አደነቁ፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሲወጡ ግን በሩ ሳይዘጋ ለልጃቸው የነገሩትን ሰማሁ።

«ዘር ከልጓም ይስባል፣ ልጄ። በውሻ የማላደርገውን በልጅ ልጆቼ አላደርገውም።»

እናቴም ሰምታለች። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ማጠብ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ስልክ የለ፣ ውሻ የለ። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ አውቶቡሱ ሲመጣ እሳፈራለሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ ስል አንድ ቀን ብቻውን መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ባዶ ነበር፤ ውሻ ሳይታቀፍ ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ። ከስቷል፤ ጢሙንም አልተላጨም።

«ከአባዬ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው» አለኝ። «አሁን ተስማማን። እንጋባለን።»

ልቤ ዘለለች።

«ልጅ አንወልድም፤ ይቅር። አንቺ ትበቂኛለሽ። አባዬም በዚህ እሺ ብለዋል።»

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከልቡ ነበር። ልጅ እንዴት እንደሚወድ አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ የሰው ሕፃን ሲያይ ቆሞ የሚያጫውት ሰው ነው። ያለውን ትልቁን ነገር ነው ያመጣልኝ። እኔ ግን ያንን ውሳኔ አውቀዋለሁ። ተደግፌው የቆምኩት ጠረጴዛ ላይ ስንቷ ውሻ ተኝታ ተወስኖባታል። እንዳትወልድ ትደረግና ደግ ቤት ይፈለግላታል። የእኔ ደግ ቤት እሱ ነበር።

«ማን ነው የተስማማው?» አልኩት።

«እኔና አባዬ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«እንዳትሰቃዪ ብዬ ነው» አለ።

«ብርድ ሲገባ ዳሌዬን የሚጠዘጥዘኝ እኔን ነው። ስለ ልጅ እኔ ያላሰብኩበት ሌሊት ያለ ይመስልሃል? ብትጠይቀኝ ምናልባት እኔም አልወልድም እል ነበር። ውሻ አይጠየቅም። እኔ አፍ አለኝ።»

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ።»

«አሁንማ መልሱን ከአባትህ ጋር ጨርሰህ መጥተሃል።»

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን እጄን ለመያዝ እጁን ዘረጋ፤ ደግሞ መለሰው። እንድጠራው እየጠበቀ ቀስ ብሎ ደረጃውን ወጣ። ተከትዬው ልሮጥ ፈለግሁ፤ መሮጥ ደግሞ አልችልበትም። ውሾቻቸው አሁን ሌላ ክሊኒክ ነው የሚታዩት።

ቤት ስገባ እናቴ ስፌቷ ላይ ነበረች። ፊቴን አየችና እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች።

«አይመጣም?»

«አይመጣም።»

«በእኔ ነው፣ አይደል? ያን ቀን ተቀመጪ ስትዪኝ ብቀመጥ ኖሮ…»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ እኔን ስትወልጂ አልፈራሽም?»

«እንዴት አልፈራም» አለች መነጽሯን አውልቃ። «አዋላጇ ስትሰጠኝ መጀመሪያ ያየሁት እግርሽን ነው። ጎትቼ ዘረጋሁት፤ አጠፍኩት፤ ደግሜ ዘረጋሁት። እንደኔው መሆንሽ ገባኝ። ያኔ አለቀስሽ። ቀና ብዬ ፊትሽን ሳይ እግርሽን ረሳሁት።»

ራሴን ጭኗ ላይ ጥዬ ለእሱ አለቀስኩለት። የምትሰፋውን ልብስ ወዲያ ገፋ አድርጋ፣ ጸጉሬን ዳበሰችኝ።